ምንም የማይጎድለው አምላክ ዓለምን ለምን ፈጠረ?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ እግዚአብሔር ምንም የማይጎድለው ከሆነ ለምን ፈጠረን? ‹ለክብሩ ነው› የሚለው መልስ አልዋጥልኝ አለ። ምስጋና የራበው አያስመስለውም? ደግሞስ አዳም እንደሚወድቅ እያወቀ ነው የፈጠረው። ታዲያ የክርስቶስ መምጣት የተበላሸውን ለመጠገን የታሰበ ሁለተኛ ዕቅድ ነው ማለት ነው? ሁሉም ካበቃ በኋላስ ለዘላለም ምን ልንሠራ ነው? መዝሙር ብቻ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሰለቻል።»

ወንድሜ፣ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ጠየቅኸኝ። ደስ ብሎኛል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሥረ ነገራቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ሲፈታ ሌሎቹም እየላሉ ይመጣሉ። አንዱ ብቻ እምቢ ይላል። እሱ ጋ ስንደርስ እነግርሃለሁ።

በቅድሚያ ከመድረክ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ መልስ ገለል እናድርግ። «እግዚአብሔር ብቻውን ስለነበረ፣ የሚወደው ፈልጎ ሰውን ፈጠረ» ይባላል። ለጆሮ ይጥማል። ልብም ይነካል። የክርስትና ትምህርት ግን አይደለም። ኢየሱስ ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊት ሲጸልይ አብን «ዓለም ሳይፈጠር ስለ ወደድኸኝ» ይለዋል (ዮሐንስ 17፥24)። ልብ በል፤ ዓለም ሳይፈጠር ነው የሚለው። ሰማይ ሳይዘረጋ፣ አንድ መልአክ እንኳ ሳይኖር ፍቅር ነበረ። አብ ወልድን ይወዳል፣ ወልድም አብን ይወዳል፣ መንፈስ ቅዱስም በዚያ ፍቅር ውስጥ አለ። በሥላሴ የሚያምን ሰው ብቸኝነት ያጠቃው አምላክ ከየት ያመጣል?

ሰው ልጅ የሚወልደው በሁለት ምክንያት ነው እንበል። አንዱ ነገ የሚጦረኝ፣ የሚቀብረኝ ላግኝ ብሎ ይወልዳል። ሌላው ፍቅሩ ሞልቶ ስለተረፈና ያለውን ማካፈል ስለፈለገ ይወልዳል። እኛ ዘንድ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ነው የሚገኙት። እግዚአብሔር ግን ጧሪ ቀባሪ ፍለጋ አልፈጠረንም።

በጥንቱ ዓለም ይህን ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በባቢሎን የፍጥረት ትረካ ሰው የተፈጠረው አማልክቱን ከድካም ለማሳረፍ ነው። ሥራቸውን ይሸከምላቸዋል፣ በመሥዋዕትም ይመግባቸዋል። ዘፍጥረትን ከዚያ ጎን አስቀምጠህ አንብበው። እግዚአብሔር ሰውን እንደፈጠረ ባረከው፤ ወዲያው ደግሞ የሚበላውን ሰጠው (ዘፍጥረት 1፥28-29)። መጋቢና ተመጋቢ ቦታ ተለዋወጡ። መዝሙረኛውም ይህንኑ ትንሽ ፈገግ በሚያሰኝ ቃል ይደግመዋል፦ «ብራብ ለአንተ አልነግርህም፥ ዓለምና ሞላው የእኔ ነውና» (መዝሙር 50፥12፤ በሌላው አቆጣጠር 49)። ጳውሎስም አቴና ላይ፣ በቤተ ጣዖቶች ተከብቦ፣ እግዚአብሔር አንዳች እንደጎደለው በሰው እጅ አይገለገልም፣ ለሁሉ ሕይወትንና እስትንፋስን የሚሰጥ እርሱ ነው አለ (ሐዋርያት ሥራ 17፥25)።

የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ ሲጽፍ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነገር ተናግሯል። እግዚአብሔር አዳምን የፈጠረው ሰው ስላስፈለገው ሳይሆን በጎነቱን የሚያፈስበት እንዲኖረው ነው ብሏል። ሄሬኔዎስ ይህን የጻፈው በትርፍ ጊዜው ሲፈላሰፍ እንዳይመስልህ። ቁሳዊው ዓለም የስሕተት ውጤት ነው፣ ዝቅ ያለ አምላክ ሥራ ነው፣ መዳን ማለትም ከሥጋ ማምለጥ ነው የሚሉ መምህራን በዙሪያው ነበሩ። የእርሱ መልስ ዓለም ከመልካም አምላክ መልካም ፈቃድ ወጣ የሚል ነው። አንተ የጠየቅኸኝን ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ገና በጠዋቱ ተጋፍጣዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ሊነሳ ይችላል። «ፍቅሩ ሞልቶ ፈሰሰ ካልከኝ መፍጠር ግዴታው ነበር ማለት ነው?» አይደለም። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኵዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን እግዚአብሔር የራሱን መልካምነት በግድ ይወዳል፣ ከራሱ ውጭ ያለውን ግን በነጻነት ይወዳል ሲል ለየው። ያለ እኛም ፍጹም ስለሆነ እኛን መፍጠር አይገደድም። እ.ኤ.አ. በ1870 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቫቲካን ጉባኤም እግዚአብሔር የፈጠረው ደስታውን ለመጨመር አይደለም፣ ፍጹምነቱን በሚሰጠው መልካም ነገር ለመግለጥ በነጻ ፈቃዱ ነው ብሎ ደነገገ። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በዚህ ነጥብ ላይ አይጣላም። ሳንፈለግ አልተፈጠርንም። ሳናስፈልግ ግን ተፈጥረናል። ሁለቱን አንድ ላይ ያዝልኝ።

«ዘላለማዊ ዓላማ» ሲባልም ብዙ ሰው አንድ ምስል ወደ አእምሮው ይመጣል። እግዚአብሔር ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሲያስብ፣ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ከዚያ አንድ ቀን «በቃ ልጀምር» ሲል። የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በዘመኑ «ሰማይና ምድርን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። አንድ ቀልደኛ «እንዲህ ላሉ ጠያቂዎች ገሃነም ሲያዘጋጅ ነበር» ብሎ እንደመለሰ ይጠቅስና፣ እኔ ግን እንዲህ አልመልስም ይላል። የእርሱ መልስ ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው የሚል ነው። ዓለም የተፈጠረው በጊዜ ውስጥ ሳይሆን ከጊዜ ጋር ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ያለ ዓላማ የቆየበት፣ ኋላ ግን ሐሳብ የመጣለት «በፊት» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ እንሂድ። ኤፌሶን ምዕራፍ 1 ከቁጥር 3 እስከ 14 በግሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የሚያወርደው። «በክርስቶስ»፣ «በእርሱ»፣ «በውድ ልጁ» እያለ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመላለሳል። በመካከሉም ዓላማው ምን እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። አንደኛ፣ ዓለም ሳይፈጠር በክርስቶስ ልጆቹ እንድንሆን መረጠን። ሁለተኛ፣ በዘመን ፍጻሜ «በሰማይና በምድር ያለውን ሁሉ በክርስቶስ ለመጠቅለል» አሰበ (1፥10)። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ይህንኑ «የዘላለም አሳብ» ይለዋል (3፥11)። አንድ ሰው ስለ ጉዳዩ አንድ ገጽ ብቻ ላንብብ ቢለኝ ይህን ነው የምሰጠው።

ይህ «ሁሉን መጠቅለል» በአየር ላይ የተንሳፈፈ ሐሳብ ይመስላል። ደብዳቤው ግን ወዲያው ወደ መሬት ያወርደዋል። በምዕራፍ 2 አይሁድና አሕዛብን የለየው ግድግዳ ፈረሰ ይላል (2፥14)። ግድግዳው በዓይን የሚታይ መልክም ነበረው። በኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ አሕዛብ አልፈው እንዳይገቡ የሚያግድ አጥር ነበር። አልፎ የተያዘ ለሞቱ ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም በግሪክኛ ተቀርጾበታል። ጽሑፉ ከተቀረጸባቸው ድንጋዮች አንዱ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1871 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ይገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ተመልከት። ጳውሎስ በዚያ ቤተ መቅደስ የተያዘው ለምን ነበር? ግሪኮችን ወደ መቅደስ አስገብቶ ቅዱሱን ስፍራ አረከሰ ተብሎ ነው። ያስገባው የመሰላቸው ሰው ጥሮፊሞስ ይባላል። አገሩ የት ነው? ኤፌሶን (ሐዋርያት ሥራ 21፥28-29)። ከዚያ በኋላ ጳውሎስ ዓመታትን በእስር አሳለፈ። ይህ ደብዳቤም «ስለ እናንተ ስለ አሕዛብ የታሰርሁ» ሲል ራሱን ያስተዋውቃል (3፥1)። ደብዳቤውን ራሱ ጳውሎስ ጻፈው ወይስ ደቀ መዝሙሩ በሚለው ላይ ምሁራን ይከራከራሉ። ለእኛ ጉዳይ ብዙ አይለውጥም። የእግዚአብሔር የዘላለም አሳብ እዚህ ላይ የተጻፈው በዚያ አጥር ምክንያት በታሰረ ሰው ስም ነው። ሊበላ አብሮ የማይቀመጥ የነበረ ሕዝብ አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጠ። ጸሐፊው ይህን አይቶ ነው «ለካ ከዘላለም የታሰበው ይህ ነበር» የሚለው። እንዲያውም በዚህች አንድ በሆነች ማኅበር በኩል የእግዚአብሔር ጥበብ በሰማያዊ ስፍራ ላሉ ኃይላት ይታወቃል ይላል (3፥10)። ኃይላቱ የሚማሩት ከእኛ አብሮ መቀመጥ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ስለ ክፍፍላችን አፍራለሁ።

ወደ «ክብሩ» እንመለስ። አንተ ያልተዋጠልህ ቃል ይህ ነው። ኢሳይያስ 43፥7 «ለክብሬ የፈጠርሁት» ይላልና ልናልፈው አንችልም። ችግሩ ክብር ስንል የእኛን ክብር ይዘን መግባታችን ነው። እኛ ጭብጨባ የምንፈልገው ውስጣችን የጎደለ ነገር ስላለ ነው። ምንም የማይጎድለው ጭብጨባ ምን ያደርግለታል?

ሙሴ «ክብርህን አሳየኝ» ብሎ ሲለምን እግዚአብሔር ምን አለው? «መልካምነቴን ሁሉ በፊትህ አሳልፋለሁ» (ዘጸአት 33፥18-19)። ክብር ተጠየቀ፣ መልካምነት ተሰጠ። ዮሐንስ ወንጌል ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ኢየሱስ «የሰው ልጅ ይከብር ዘንድ ሰዓቱ ደርሷል» ሲል ሊሾም ወይም ዙፋን ላይ ሊቀመጥ ነው ብለህ ትጠብቃለህ። ቀጥሎ የሚያወራው ግን መሬት ወድቃ ስለምትሞት የስንዴ ቅንጣት ነው (12፥23-24)። በዮሐንስ ቋንቋ መክበሩና መሰቀሉ አንድ መንገድ ናቸው። የእግዚአብሔር ክብር ከታየ፣ ራሱን ሲሰጥ ነው የታየው። ራስ ወዳድ የሚለው ክስ መስቀሉ ሥር ቆሞ ሲነገር እንዴት እንደሚያስቸግር አስበው።

ሄሬኔዎስ «የእግዚአብሔር ክብር ሕያው የሆነ ሰው ነው» ብሎ ጽፏል። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን እየተቆረጠ ነው። ሁለተኛው ግማሽ «የሰውም ሕይወት እግዚአብሔርን ማየት ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው እግዚአብሔርን የሰው ምቾት አገልጋይ ያደርገዋል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ሰውን ይረሳል።

በፕሮቴስታንቱ በኩል የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ትምህርት) አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1647። የመጀመሪያ ጥያቄው የሰው ዋና ግብ ምንድን ነው የሚል ነው። መልሱ እግዚአብሔርን ማክበርና ለዘላለም በእርሱ ደስ መሰኘት ነው። ብዙ ሰባኪ «ማክበር» ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ደስ መሰኘት» ላይ ሲደርስ ያንሾካሽካል። አሜሪካዊው ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ ግን ሁለቱን መለየት እንደማይቻል ለማሳየት አንድ ሙሉ ድርሰት ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1755 ጽፎት ከሞተ በኋላ በ1765 ታተመ። ሐሳቡን ባጭሩ ልንገርህ። እግዚአብሔር ሙላቱን ለፍጥረት ያካፍላል፤ ፍጥረት ያንን ሙላት አውቆ፣ ወዶ፣ ተደስቶበት መልሶ ያንጸባርቃል። የእርሱ ክብርና የእኛ ደስታ የሚሻሙ ሁለት ግቦች አይሆኑም። ኤድዋርድስ ባላቸው ሌሎች ነገሮች አልስማማም። በዚህ ግን ልክ ነው እላለሁ።

አሁን ሁለተኛው ዕቅድ። ይህን በአንድ ቃል ልመልስልህ፦ አይደለም። ጴጥሮስ ክርስቶስን «ዓለም ሳይፈጠር እንኳ አስቀድሞ ታወቀ» ይለዋል (1 ጴጥሮስ 1፥20)። እግዚአብሔር ዔድን ላይ ደንግጦ መላ ፍለጋ አልገባም።

የሚያከራክረው ሌላ ነው። አዳም ባይበድል ኖሮ ወልድ ሰው ይሆን ነበር? የኒቅያ ሃይማኖት ጸሎት «ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ ስለ መዳናችን» ወረደ ይላል። ቶማስ ከዚህ ተነስቶ ጠንቃቃ መልስ ሰጠ። መጽሐፍ ቅዱስ ሥጋዌን (የወልድን ሰው መሆን) በየቦታው ከኃጢአት ጋር ስለሚያያይዘው፣ ኃጢአት ባይኖር ሥጋዌ ባልኖረ ማለት ይሻላል አለ። የእግዚአብሔር ኃይል ግን በዚህ አይገደብም ሲል አከለ። ከእርሱ ትንሽ ዘግይቶ የመጣው ሌላ የምዕራብ ሊቅ ዱንስ ስኮተስ በዚህ አልተስማማም። ከሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ኃጢአትን አጋጣሚ አድርጎ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያሰበው ክርስቶስን ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው አለ። ከሁለቱም ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረው ተአማኒው መክሲሞስ ደግሞ የክርስቶስ ምሥጢር ሁሉ የተፈጠረለት ግብ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ክርስቶስ ራሱ ስለ ሌላ ነገር ተብሎ አልተፈለገም፤ ሁሉ ስለ እርሱ ተፈለገ።

እኔ ወደ መክሲሞስ አደላለሁ። ምክንያቴ ቈላስይስ 1፥16 ነው። «ሁሉ በእርሱና ለእርሱ ተፈጥሮአል» ይላል። «ለእርሱ» የሚለውን ጥገና ብቻ አይሸከመውም። ሮሜ 5፥14 ላይም አዳም «ይመጣ ዘንድ ላለው አምሳል» ነው። ዋናው ሥዕል ክርስቶስ ነው፣ አዳም ንድፉ ነው። ቶማስንም ግን አላቃልለውም። «ባይሆን ኖሮ» የሚል ጥያቄ ላይ ቤት መሥራት አደገኛ መሆኑን ያስታውሰናል። ደግሞም ልብ በል፤ ቶማስ ራሱ ሁለተኛ ዕቅድ አላለም። በኃጢአት ምክንያት የመጣ ማለትና ሳይታሰብ የመጣ ማለት ለየቅል ናቸው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የቆየ ሐሳብ ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ሰው የተፈጠረው የወደቁትን መላእክት ቦታ ለመሙላት ነው የሚል አለ። አውግስጢኖስ የዳኑ ሰዎች ያንን ቁጥር እንደሚሞሉ ጽፏል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጉዳዩን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ የሰው ባሕርይ የሌላውን ጉድለት ለመሙላት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ተፈጥሯል አለ። ተተኪ ተጫዋች አይደለንም።

እንግዲህ እምቢ የሚለው ጥያቄ ጋ ደረስን። እያወቀ ለምን ፈጠረ?

አስቀድሞ ማወቅ ማስገደድ አይደለም የሚለውን መልስ ሰምተሃል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚወስድህ። ሊከለክለው ሲችል አልከለከለም። እዚህ ላይ የክርስቲያን ወገኖች ይለያያሉ። ሄሬኔዎስ ሰው ገና ሕፃን ሆኖ፣ ሊያድግ ተፈጠረ ይላል። ነጻነት ያለው እድገት መሰናከልንም ያስተናግዳል። አውግስጢኖስ እግዚአብሔር ክፉ የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይኖር ከማድረግ ይልቅ ከክፉ ውስጥ መልካም ማውጣትን መረጠ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ ዶርድሬኽት ከተማ በተሰበሰቡት ካልቪናውያን (የካልቪንን ትምህርት በተከተሉ ፕሮቴስታንቶች) መካከልም ልዩነት ነበር። እግዚአብሔር ምርጫውን የወሰነው ውድቀትን ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚል ተከፋፍለው ነበር። በላቲኑ የፋሲካ ሌሊት መዝሙር ደግሞ እንዲህ ያለ አዳኝ ያስገኘ የአዳም በደል «ብፁዕ በደል» ይባላል።

መዝሙር ላይ ይህ ያምራል። ስብከት ላይ ሲገባ ግን እፈራዋለሁ። ጳውሎስ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር?» ብሎ ጠይቆ ወዲያው አይሆንም ያለው ለዚህ ነው (ሮሜ 6፥1-2)። የእግዚአብሔር ዓላማ ክፉን ያሸንፋል ማለት ክፉ ለዓላማው ያስፈልግ ነበር ማለት አይደለም። ሞት በመጽሐፍ ቅዱስ የኋለኛው ጠላት ነው (1 ቆሮንቶስ 15፥26)፤ የዕቅዱ ሠራተኛ ተብሎ አልተጠራም። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ መቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። ስለዚህ ልጁን የቀበረ ሰው ቤት ሄደህ «የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው» አትበል። ቁጭ በልና አብረኸው አልቅስ። ክርስትና ለዚህ ጥያቄ ሙሉ ማብራሪያ አይሰጥም። የሚያቀርበው፣ የመፍጠርን ዋጋ ራሱ ገብቶ የከፈለ አምላክ ነው። ይህ ለአንተ በቂ መሆን አለመሆኑን እኔ ልወስንልህ አልችልም።

ስለ ሰው ብቻ ብዙ ተናገርኩ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስተካክል። ዓላማው ስለ እኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ገጽ ይቀንስ ነበር። ሰው ገና ሳይፈጠር ብርሃኑ፣ የብሱ፣ ዕፅዋቱ «መልካም» ተብለዋል። ኢዮብ 38፥26 ላይ እግዚአብሔር ሰው በሌለበት ምድር ዝናብ አዘንባለሁ ይላል። ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ። ከጥፋት ውኃ በኋላ የገባው ኪዳን ከኖኅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ ጋር ነው (ዘፍጥረት 9፥10)። ጳውሎስም ፍጥረት ሁሉ በምጥ ይቃትታል፣ ከጥፋት ባርነት ነጻ ይወጣል ይላል (ሮሜ 8፥21-22)። ምድርን ለእሳት የተቀመጠ ማገዶ አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እንዴት እንደሚያነቡት ይገርመኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር። ብዙ ወጣት «የእግዚአብሔር ዓላማ ለሕይወቴ» ሲለኝ የትኛውን ትምህርት ልማር፣ ማንን ላግባ ማለቱ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጸልይበት፣ ሽማግሌ አማክር። የዘላለሙ አሳብ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሮሜ 8፥28 «ሁሉ ለበጎ» የሚለውን በቃላችን ይዘነዋል። በጎው ምን እንደሆነ የሚናገረው ቀጣዩ ቁጥር ነው፦ የልጁን መልክ መምሰል። ይህ በየትኛውም ሙያ ይሆናል። የተሳሳተ ትምህርት ክፍል በመግባትህ አያመልጥህም።

የመጨረሻው ጥያቄህ መሰልቸት ነበር። ለዚህ የዓላማውን መጨረሻ ማየት አለብን። ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ክር አለ፤ እሱም አብሮ ማደር ነው። በገነት እግዚአብሔር ይመላለሳል። በሲና «በመካከላቸው አድር ዘንድ መቅደስ ይሥሩልኝ» ይላል (ዘጸአት 25፥8)። ቃል ሥጋ ሆኖ በእኛ አደረ (ዮሐንስ 1፥14)። በራእይ 21፥3 ደግሞ የእግዚአብሔር ድንኳን በሰዎች መካከል ሆነ።

ዮሐንስ ያያት ከተማ ርዝመቷ፣ ስፋቷና ከፍታዋ እኩል ነው (ራእይ 21፥16)። መሐንዲስ ይህን ቢያይ ይስቃል። ብሉይን የሚያውቅ ሰው ግን ይህ ቅርጽ የት እንዳለ ያስታውሳል። ሰሎሞን በሠራው ቤተ መቅደስ ቅድስተ ቅዱሳኑ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ሃያ ሃያ ክንድ ነበር (1 ነገሥት 6፥20)። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚገባበት ክፍል ነው። አሁን ከተማዋ በሙሉ ያ ክፍል ሆናለች። ለዚህ ነው ዮሐንስ ቤተ መቅደስ አላየሁባትም የሚለው። ሰዎች ወደ ሰማይ ሲያመልጡም አናይም፤ ከተማዋ ናት የምትወርደው።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል? መዝሙር አለ፣ አልክድህም። ግን የምድር ነገሥታት ክብራቸውን ወደ ከተማዋ ያመጣሉ (21፥24)። ባሪያዎቹ ያገለግሉታል፣ ፊቱን ያያሉ፣ ይነግሣሉም (22፥3-5)። መንገሥ ሥራ ነው። በዘፍጥረት 1 ለሰው ተሰጥቶ የተበላሸው ሹመት እዚህ ይመለሳል።

የኒሳው ጎርጎርዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን መሰልቸትን በቀጥታ የሚነካ ነገር አስተምሯል። እግዚአብሔር ወሰን የለውም። ስለዚህ እርሱን የሚያይ ሰው ባየ ቁጥር ይበልጥ ለማየት ይናፍቃል፤ እድገቱም ማቆሚያ አይኖረውም። ጎርጎርዮስ ፍጹምነትን ራሱን እንዲህ ነው የሚረዳው፦ በመልካም ማደግን አለማቆም። አንተ የፈራኸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሚቀር ረጅም ጊዜን ነው። ኤፌሶን 2፥7 ግን እግዚአብሔር በክርስቶስ ያደረገልንን ቸርነት፣ ያንን ታላቅ የጸጋውን ባለጠግነት፣ «በሚመጡ ዘመናት» ሊያሳይ እንዳሰበ ይናገራል። ለማሳየት ዘመናት ያስፈልጉታል።